ፊቱ ጡብ፣ አጥንቱ እንጨት



ከመስቀል ወዲህ በደረስንበት ሁሉ የምንጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። «የአዳራሹ ጡብ መቼ ተመልሶ ይሠራል?» እየተባልን ነው። ለአንዱ እንዲህ፣ ለሌላው እንዲያ እያልን በቃል ከምንመልስ አሳባችንን ጽፈን በዚህ ሰሌዳ ላይ ብንለጥፈው ይሻላል ብለን ብዕር አነሣን። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቆማችሁ የምታነቡት ስለሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሆኖም ነገሩ የሁላችንንም ኪስ፣ ከኪስም በላይ የልጆቻችንን ሕይወት የሚነካ ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እንለምናለን።

አሳባችንን ሳንደብቅ ከመጀመሪያው እንናገር። በእኛ በኩል የአዳራሹ ጡብ እንደ ቀድሞው ተመልሶ መሠራት የለበትም እንላለን። ቆሞ የቀረውም በጊዜ መውረድ አለበት። በሰፈራችን አዲስ ቤት እየሠራችሁ ያላችሁም የመንገድ ፊቱን ጡብ ከማልበሳችሁ በፊት እኛ ላይ የደረሰውን አይታችሁ እንድትወስኑ እንመክራለን። ለምን ቢባል፣ ምክንያታችን እነሆ።

ነገሩን ለማያውቁት አዲስ ነዋሪዎች ከሥሩ እንጀምር። አዳራሻችን በ2013 ዓ.ም. በአባሎች መዋጮና በደቦ የተሠራ ነው። ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ጎልማሶቹ እንጨት አቆሙ፤ ወጣቶቹ ጭቃ ረገጡ፤ እናቶቻችን ጠላና ዳቦ ይዘው መጡ። የመንገድ ፊቱ 12 ሜትር ነው። በዚያው ዓመት ለቅሶ ተቀመጥንበት፣ ሠርግ ደገስንበት፤ ቅር ያለው ሰው አልነበረም።

በ2014 ዓ.ም. ግን ሌላ አሳብ መጣ። ከዋናው መንገድ ማዶ ሁለት ሦስት ሰዎች አዲስ ቤት ሠርተው ፊቱን በቀይ ጡብ አለበሱት። ቤቶቹ ውስጣቸው እንደኛው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ከመንገድ ሲታዩ ግን ቪላ ይመስላሉ። «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ተባለ። ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀረበና እጅ ወጣ። አብዛኛው ሰው ይሠራ አለ። ያን ቀን እጃቸውን ካወጡት መካከል ይህን የምንጽፈው እኛም አለንበት። ቃለ ጉባኤውን የያዝነውም እኛው ነን፤ ዛሬ ተቃውመን ነበር ብንል መዝገቡ ይመሰክርብናል። አንድ ሽማግሌ አናጢ ብቻ ተነሥተው «እንጨት ላይ ካፖርት አትደርቡበት፤ ያልበዋል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን።

ጡቡ ተገዛ፤ ለጡብና ለሲሚንቶ ከካዝናችን ግማሹ ወጣ። ግንበኛው በሁለት ሳምንት ጨረሰው። ጡቡን ከጭቃው ግድግዳ ጋር አጣብቆ ነው የደረደረው። ለጡቡ የራሱ መሠረት አልተቆፈረለትም። ገንዘብ እንዲቆጠብ መሬቱ ተደለደለና ቀጭን ሲሚንቶ ፈሰሰበት፤ ጡቡ በዚያ ላይ ተቀመጠ። ከቤቱ ጋር ያያዙት ቋሚዎቹ ላይ ተመትተው የጎበጡ ምስማሮች ናቸው። በኋላ ስንቆጥራቸው በ12 ሜትር ፊት ላይ 12 ምስማር ብቻ አገኘን። ግንበኛውን ግን አንወቅስም። ርካሽ አድርግልን ያልነው እኛ ነን፤ ለበዓል አድርስልን ብለን ያጣደፍነውም እኛው ነን።

ማስጠንቀቂያው ቀድሞ መጥቶልን ነበር። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲደጋገም ከከረመው የመሬት መንቀጥቀጥ ከጠንካሮቹ አንዱ የተነሣበት ሌሊት፣ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከእንቅልፉ ነቅቷል። እኛም እዚህ ደብረ ብርሃን በየደጃችን ወጥተን አደርን። ሲነጋ አዳራሹን ስናይ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ ጡቡ ላይ ተገኘ። ምን አደረግን? አንድ ሳህን ሲሚንቶ በጥብጠን ደፈንነው፤ «ተመስገን፣ በዚህ አለፈ» ብለንም ወደ ሥራችን ሄድን። ከጀርባው ያለውን ያየ የለም።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ሦስት ቀን ሳያባራ ከዘነበ በኋላ ሌሊት ላይ ከመስኮቱ እስከ ማዕዘኑ ያለው 3 ሜትር ያህል ጡብ ወደ መንገዱ ወደቀ። ቦታውን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ግድግዳውን ታክከው ነው የሚያልፉት። ቀን ደግሞ አንዲት እናታችን ከነፋሱ ተጠልለው ቆሎ የሚሸጡት እዚያው ሥር ነው። ሌሊት በመሆኑ ማንም አልተጎዳም። በማግሥቱ ፍርስራሹን ስናነሣ እኚህ እናት ሁልጊዜ እዚያው ትተዋት የሚሄዱትን በርጩማ ከጡቡ ሥር አወጣናት፤ ለሁለት ተሰንጥቃለች። እሳቸው ቆመው ያዩ ነበር። ምንም አልተናገሩም፤ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ብቻ ቆሙ።

ክብደቱን እናስላው። በአንድ ረድፍ የተደረደረ ጡብ ውፍረቱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎ ይመዝናል። የወደቀው 3 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ነው፤ ይህም 15 ኩንታል ማለት ነው። አንድ ኩንታል እህል ከመኪና ላይ ቢወድቅበት ሰው አይተርፍም ይሆናል፤ ይህ እንግዲህ 15 ነው። ጡቡን አስረው ይይዙት የነበሩት ደግሞ የዛጉ ምስማሮች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጡቡ ሲነሣ ከጀርባው ምን ታየ? ጭቃው እንደገና ቡኮ ሆኗል። ከ14ቱ የፊት ቋሚዎች 9ኙ ከመሬት አንድ ስንዝር ድረስ በስብሰዋል። ካቻቢቴ ስንወጋባቸው እንደ ድንች እስከ እጀታው ይገባል። ሽታው ጉድጓድ ውስጥ እንደ ከረመ ገለባ ነው። ይህ ቤት ገና አራት ዓመቱ እኮ ነው!

ቀጥለን በጓሮ ዞርን። የጓሮው ግድግዳ ጡብ አልለበሰም። ያው ባሕር ዛፍ፣ ያው ጭቃ፣ በዚያው ሳምንት የተሠራ፣ ያው ዝናብ የዘነበበት ነው። ልስኑ እዚህም እዚያም ተላልጧል፤ ለዓይን አያምርም። ካቻቢቴውን ቋሚዎቹ ላይ ብንወጋው ግን አልገባም አለ። አንዱንም፣ ሁለተኛውንም፣ ሁሉንም ሞከርን፤ ጠንካራ ናቸው። እንግዲህ ገንዘብ ያወጣንበት ግድግዳ በሰበሰ፤ ምንም ያላወጣንበት ቆመ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? እኛ መሐንዲስ አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ ሽማግሌውን አናጢ ጠየቅን። የአንድ አባላችን ልጅ ኮንስትራክሽን ስለሚማር እሱም መጥቶ አየው። ሁለቱ የነገሩን ገጠመ። በአጭሩ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ጡብ ውኃ አያስገባም የምንለው ስሕተት ነው። ጡብ ውኃ ይጠጣል። ካላመናችሁ አንድ ደረቅ ጡብ ባልዲ ውኃ ውስጥ ክተቱ፤ አረፋ እያወጣ ሲጠጣ ታዩታላችሁ። ግንበኛ ከመደርደሩ በፊት ጡቡን የሚያርሰው ለዚህ አይደል? እንግዲህ ሁለት ወር ሙሉ የሚዘንብበት ጡብ ውኃውን ጠጥቶ ወደ ኋላው ያስተላልፋል። በዚያ ላይ በላይ በኩልም ይገባል። የአዳራሹ ቆርቆሮ ከጭቃው ግድግዳ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይል ነበር። ጡቡ ሲጨመር 12ቱን በላው፤ የቀረው 28 ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ ነፋስ ሲገፋው በቀጥታ የጡቡ አናት ላይ ያርፋል፤ ከዚያም በጡቡና በጭቃው መካከል ይንቆረቆራል። አሸንዳ አልነበረውም። ለምን? «የጡቡን ፊት ያበላሻል» ተብሎ።

ሁለተኛ፣ የገባው ውኃ መውጫ የለውም። ጭቃ ግድግዳ ብቻውን ሲሆን ዝናብ ቢመታውም ሲያባራ ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። ይርሳል፣ ይደርቃል፤ ይርሳል፣ ይደርቃል። እንጨትን ማርጠብ ብቻውን አይገድለውም፤ የሚገድለው ረጥቦ መክረሙ ነው። ጡብ የተጣበቀበት ጭቃ ግን በሐምሌ የጠጣውን ውኃ እስከ ኅዳር ይዞት ይቆያል። አገራችን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ብርድ አገር ነው፤ ቶሎ አይደርቅም። ደጋ በመሆናችን ምስጥ አይበረታብንም፤ ይህ ዕድላችን ነው። ወደ ቆላ ቤት የምትሠሩ ዘመዶች ካሏችሁ ግን ንገሯቸው። ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ ከጡብ ጀርባ የአፈር መንገዱን እየሠራ ሲወጣ ማንም አያየውም።

ሦስተኛ፣ እንጨትና ጡብ አብረው አይንቀሳቀሱም። እኛ ያቆምነው ባሕር ዛፍ እርጥብ ነበር፤ ከተቆረጠ ወር አልሞላውም። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ጡብ አይኮማተርም፤ እንዲያውም ከምድጃ የወጣ አዲስ ጡብ ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ በጥቂቱ ያድጋል ይባላል። አንዱ ሲያንስ ሌላው ሲሰፋ ምን ይሆናል? ያያያዛቸው ምስማር ይላላል፤ በመስኮትና በበር ዙሪያ ክፍተት ይፈጠራል፤ በክፍተቱ ውኃ ይገባል። እንዲህ እያለ እንደ ጎርፍ እያሳሳቀ ይወስዳል።

«ታዲያ ፈረንጆቹስ እንዴት ያደርጉታል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንጨትን ጡብ ማልበስ እኛ የፈጠርነው አይደለም። የአንድ አባላችን ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ትኖራለች። ቤት ገዛሁ ብላ ፎቶግራፍ ላከች፤ ቀይ የጡብ ቤት። አባትየው «ልጄ የጡብ ቤት ገባች» ብለው ጎረቤት ጠርተው ቡና አስፈሉ። ልጂቱ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ግን «አባባ፣ ጡቡ እኮ ልብስ ነው፤ ቤቱን የተሸከመው እንጨት ነው» አለቻቸው። በገባች ሰሞን ከግድግዳው ግርጌ በጡቦቹ መካከል በየቦታው ትንንሽ ቀዳዳ አይታ «አይጥ ይገባል» ብላ በሲሚንቶ ልትደፍን ስትል ጎረቤቷ ሮጦ መጥቶ አስቆማት። ቀዳዳው የውኃው መውጫ ኖሯል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እነሱ ጡቡን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቁትም። አሜሪካኖቹ በጡቡና በእንጨቱ ግድግዳ መካከል ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ክፍት ይተዋሉ፤ እንግሊዞቹ 50 ሚሊ ሜትር። የእንጨቱን ፊት ውኃ በማያሳልፍ ነገር ይሸፍኑታል። ከጡቡ ግርጌ በየ80 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ቀዳዳ ይተዋሉ። ጡቡ በቤቱ መሠረት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ መሬት ላይ አይደለም። ማሰሪያውም ዝገት የማይነካው ብረት ሆኖ በአሜሪካ ሕግ አንዱ ማሰሪያ ከሩብ ካሬ ሜትር በላይ ጡብ እንዲይዝ አይፈቀድም። ይህን በእኛ አዳራሽ ላይ አስሉት። በርና መስኮቱ ሲቀነስ 25 ካሬ ሜትር ያህል ጡብ ነበረን፤ 100 ማሰሪያ ያስፈልገው ነበር። የእኛ 12።

ያም ሆኖ እነሱም አልፎ አልፎ ይወድቅባቸዋል። የካቲት 15 ቀን 2003 ዓ.ም. በኒውዚላንድ የክራይስትቸርች ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ ብዙ የእንጨት ቤቶች አጥንታቸው እንደ ቆመ የለበሱት ጡብ ግን ረግፎ ተገኝቷል። እንጨት ይወዛወዝና ይመለሳል፤ ጡብ መወዛወዝ አያውቅም። እኛም የምንኖረው ከስምጥ ሸለቆ አፋፍ ብዙ ሳንርቅ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከእኛ ወደ ሰሜን በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷታል፤ በዕድሜ የገፉት አባቶቻችን ያስታውሱታል። በ2017 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ ሁላችንም አይተናል። መሬት ዳግመኛ አትነቃነቅም ብሎ የፈረመልን የለም።

እንግዲህ ጥፋቱ የጡብ አይደለም። ጡብ ጥሩ ዕቃ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ዘዴውን ትተን መልኩን ብቻ መቅዳታችን።

መልኩን ለምን ወደድነው? እዚህ ላይ እርስ በርሳችን እውነቱን እንነጋገር። «የጭቃ ቤት» ማለት በአፋችን ስድብ ሆኗል። ቤት አከራይ ፊቱን ጡብ ካለበሰ ኪራይ ይጨምራል። ልጁን የሚድር ሰው ሽማግሎች ሲመጡ እንዳያፍር ብሎ ተበድሮ ጡብ ይገዛል። ውስጥ ያለው ክፍል ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ልጆች ምንጣፍ በሌለው ወለል ላይ እየተኙ፣ የመንገድ ፊቱ ግን ቪላ ይመስላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል። ማኅበራችንም ያደረገው ይህንኑ ነው። በዚያው ዓመት ለአዳራሹ ሽንት ቤት ይሠራ የሚል አሳብ ቀርቦ «ገንዘብ የለም» ተብሎ መዘለሉን ቃለ ጉባኤው ያሳያል። እናቶቻችን ለቅሶ ሲመጡ እስከ ዛሬ የጎረቤት በር ያንኳኳሉ።

የጭቃ ቤት ነውር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዋና ከተማችን በአዲስ አበባ እንኳ ከመኖሪያ ቤቶቹ አብዛኞቹ ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ ነበር። አብዛኞቻችን የተወለድነው እዚያ ውስጥ ነው። መሠረቱ ድንጋይ ከሆነ፣ ቆርቆሮው ሰፋ ብሎ ከወጣ፣ ልስኑ በየዓመቱ ከታደሰ፣ 40ና 50 ዓመት የቆመ ጭቃ ቤት በየሰፈሩ አለ። ነውሩ የበሰበሰውን ሸፍኖ «ጠንካራ ነው» ማለት ነው። የሰው ልጅ በሥሩ ሲያልፍ ደግሞ ከነውርም ያልፋል።

በዚህ ጉዳይ ከአባሎች የሰማነውን ተቃውሞ ሳንጠቅስ ማለፍ ተገቢ አይደለም።

አንዳንዶች «9 ሜትሩ ገና ቆሟል፤ የወደቀውን 3 ሜትር ብንሞላው ያልቃል» ይላሉ። እኛ ግን የቆመውን ሥር ፈትሸናል። ከጀርባው ያለው እንጨት ከወደቀው አይሻልም። በበሰበሰ ጥርስ ላይ ወርቅ ማስለበጥ ይሆናል። ሌሎች «ጡብ ከሌባ ይጠብቃል፤ ጭቃ ግን ይቦረቦራል» ይላሉ። ይህ እውነት አለው፤ አንክድም። ሆኖም ባለፉት ዓመታት አዳራሹ ሁለት ጊዜ ሲሰረቅ ሌባው አንድ ጊዜ በበሩ፣ አንድ ጊዜ በቆርቆሮው ነው የገባው። ከሌባ ለመዳን ጠንካራ በርና ዘበኛ ይበልጣል። ወጣቶቹ ደግሞ «ለምን ጨርሶ አፍርሰን በብሎኬት አንሠራውም?» ይላሉ። አሳቡ ጥሩ ነው፤ ከሁሉም ሐቀኛው አሳብ እሱ ነው። መሠረት ተቆፍሮለት፣ ፌሮ ገብቶበት የሚሠራ የብሎኬት አዳራሽ ማን ይጠላል? ግን ካዝናችን ያለበትን ታውቃላችሁ። እስኪጠራቀም ድረስ ያለን ቤት እንዳይወድቅ መያዝ አለብን።

ስለዚህ በኅዳር ወር ለሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን።

1ኛ/ ቆሞ የቀረው ጡብ ከላይ ጀምሮ በጥንቃቄ ይውረድ። ዛሬ ሳይሆን ነገ እንዳንል። እስከዚያው ድረስ ገመድ ስበንበታል፤ እባካችሁ ልጆቻችሁን በማዶ በኩል እንዲያልፉ ንገሯቸው። ገመዱን እየዘለሉ ሲጫወቱ አይተናል።

2ኛ/ የበሰበሱት ቋሚዎች አንድ በአንድ ይቀየሩ። አዲሱ እንጨት የደረቀ ይሁን፤ ልጡ ይላጥ፤ ሥሩ አፈር ውስጥ ከሚቀበር በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም። ለመሠረት የሚሆን ድንጋይ በአገራችን ሞልቷል። የድንጋይ አገር ሰዎች ሆነን ድንጋዩን ረግጠን ጡብ ፍለጋ መሄዳችን ራሱ ይገርማል።

3ኛ/ ቆርቆሮው በመንገድ ፊት በኩል ይቀጠል፤ አሸንዳ ይሰቀልለት፤ ከግርጌው ውኃ የሚወስድ ቦይ ይቆፈር። ከወረደው ጡብ ደኅና የሆነው ለቦዩ ግድግዳና ለደጃፉ ንጣፍ ይዋል። እንዲህ ከሆነ ገንዘቡም ጨርሶ አልባከነም።

4ኛ/ ግድግዳው እንደ ገና ተመርጎ በጭቃና በአሸዋ ይለሰን፤ በኖራ ይቀባ። ሲሚንቶ በጭቃ ላይ ብቻውን አይያዝም፤ ከዓመት በኋላ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ኖራ የተቀባ ነጭ ግድግዳ ደግሞ ለአዳራሽ ያምራል።

5ኛ/ ከዚህ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ ለሽንት ቤቱ ይዋል።

አዲስ ቤት ለምትሠሩ አባሎች ደግሞ በየቤታችሁ የምታደርጉትን ማዘዝ አንችልም። «ጡብ አታልብሱ» ብለንም አንከለክልም። ማልበሳችሁ ካልቀረ ግን ይህን ጠብቁ።

ሀ/ እንጨቱ ሳይደርቅ ጡብ አትደርድሩ። ቤቱ ቢያንስ አንድ በጋ ሙሉ ይክረም፤ ይኮማተር፤ የሚሰነጠቀው ይሰንጠቅ።

ለ/ ጡቡ የራሱ የድንጋይ መሠረት ይኑረው፤ ከቤቱ መሠረት ጋር አብሮ የተገነባ። መሬት ላይ በፈሰሰ ቀጭን ሲሚንቶ አትታለሉ።

ሐ/ ከጭቃው ግድግዳ ጋር አታጣብቁት። ሦስት ጣት ያህል ክፍት ተዉ። ግንበኛው የሚተርፈውን ሲሚንቶ ወደ ክፍተቱ እንዳይጥል ቆማችሁ ተቆጣጠሩ፤ የሚደፈነው በዚህ ነው።

መ/ ከግርጌ በየክንዱና ከላይ በጣሪያው ሥር ቀዳዳ ይኑር። ወንፊት ሽቦ ግጠሙበት እንጂ በሲሚንቶ አትድፈኑት። የጓሮ አፈርም እስከ ቀዳዳው አትከምሩ።

ሠ/ ማሰሪያው የማይዝግ ሽቦ ሆኖ ለአንድ ካሬ ሜትር አራት ይሁን። ቋሚው ላይ ይጠበቅ እንጂ ጭቃው ውስጥ አይሰካ።

ረ/ ቆርቆሮውን ስታስቀምጡ ጡቡ የሚወስደውን 12 ሴንቲ ሜትርና ክፍተቱን አስቀድማችሁ አስቡ። በቤት ሥራ ላይ ከጡብ ይልቅ ሰፊ ክዳን ዕድሜ ይሰጣል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ወጪው ከበዛባችሁ፣ መልሱ ግማሹን ማድረግ አይደለም፤ ጡቡን መተው ነው። ጡብ የለበሰ ቤት የምትገዙ ወይም የምትከራዩ ደግሞ ፊቱን አይታችሁ አትዋዋሉ። በጓሮ ዙሩ፤ አንኳኩ፤ የቋሚውን ሥር በካቻቢቴ ውጉ። ባለቤቱ ከተቆጣ ያ ራሱ መልስ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። ባለፈው ሳምንት ሽማግሌውን አናጢ ቤታቸው ድረስ ሄደን «በጉባኤው ላይ ስንስቅብዎ ነበር፤ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። ቡና አስቀረቡልንና «ይቅርታውን ተዉት፤ አሸንዳውን ስቀሉ» አሉን። ሥራው ሲጀመር ቆመው እንደሚያሳዩን ቃል ገብተዋል። የቆሎዋ እናታችንም በአዲሱ ቦይ ማዶ ቦታ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል፤ ለበርጩማቸው ምትክ ማኅበሩ አሠርቶላቸዋል።

እንግዲህ ለጉባኤው በሰዓቱ ኑ። አሳባችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የእኛን የምትቃወሙም ኑ። ብቻ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት በጓሮ ዞራችሁ ሁለቱን ግድግዳዎች እዩ። ካቻቢቴው ጽሕፈት ቤታችን አለ፤ ለጠየቀ ሁሉ እናውሳለን። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላልና፣ ሌላ ክረምት ሳይመጣ እንነሣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ